በግራ የተጠቀለለው ገመድ

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ቀስ ይለዋል። ትክክለኛ ስሙን የሚያስታውሱት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። ለዲጄዎችና ለአዳራሾች የድምፅ እቃ ያከራያል፤ ሚክሰር፣ ማጫወቻ፣ አምፕሊፋየር፣ ስፒከር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኬብል። እቃ ሲወጣም ሲገባም በሩ ላይ ይቆምና «ቀስ!» ይላል። ተሸካሚው ሲያነሳ «ቀስ»፣ ሲያስቀምጥ «ቀስ»፣ ጨርሶ ቁጭ ካለም «ቀስ ብለህ ተቀመጥ፣ ወንበሩ አሮጌ ነው»። ተሸካሚዎቹ ይለምዱትና «ጋሼ፣ እንቁላሉ በእግሩ ሄደ ወይ?» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ አይስቅም። በእቃ ቀልድ አያውቅም።

እውነቱን ለመናገር፣ የሚለው ሁሉ ትክክል ነበር፤ ሰውን የሚያበሳጨውም ይኸው ነው። ሰው እቃ የሚበላሸው ሲወድቅ ብቻ ይመስለዋል። ጋሽ ቀስ ግን እቃን የሚገድለው ልማድ ነው ይላል። ዲጄው ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርግበት ፌደር ውስጥ አቧራ ገባ ብሎ በአፉ እፍ ይላል፤ አቧራው አይወጣም፣ ትንፋሹ ግን ይገባል። ለስላሳውን ሚክሰሩ ጫፍ ላይ ያስቀምጥና «አይደፋም» ይላል፤ ይደፋል። ራሱን መሰኪያውን ይዞ መንቀል ሲችል ገመዱን አንገቱን አንቆ ይጎትታል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ለመሄድ ስለሚቸኩል፣ ገና የሚፋጀውን አምፕሊፋየር ሳጥን ውስጥ ከትቶ ይከድንበታል። «ከዚያ እቃው በሁለት ዓመቱ ይሞትና ዕድሜው ነው ይሉኛል» ይላል ጋሽ ቀስ። «ዕድሜው አይደለም። እጃችሁ ነው።»

ከሁሉም የሚያንገበግበው የገመድ አጠቃለል ነበር። ገመድ የመጀመሪያ ቀን ያስለመዱትን ይዞ ይኖራል፣ ይላል። አዲስ ኬብል እንደ ሰዓት ዘንግ ወደ ቀኝ እያዞሩ ከጠቀለሉት፣ ዕድሜ ልኩን በቀኝ መተኛት ይፈልጋል። ሌላ ሰው መጥቶ በግራ ሲጠቀልለው ከላይ ምንም አይታይም። ውስጡ ያሉት ቀጫጭን የመዳብ ክሮች ግን ይጣመማሉ፤ ዛሬ አንዱ ይበጠሳል፣ ነገ ሌላው፣ አንድ ቀን ሰው በተሰበሰበበት ድምፁ ጭጭ ይላል። እሱ መጋዘን ውስጥ ያለ ኬብል ሁሉ በቀኝ የተጠቀለለ ነው። ግድግዳው ላይ በተርታ ተሰቅለው ሲያያቸው ደስ ይለዋል።

ያን ግድግዳ የምታበላሽ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ እሷም የገዛ ልጁ ናት። አንድ ቦታ ስለማትቀመጥ «ፌንጣ» ይላታል። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ መጋዘኑ ወለል ላይ ተቀምጣ ስታየው፣ ስትጠይቀው፣ ስታቀብለው አደገች። መጀመሪያ ሚክሰሩ እንደሚበራ፣ አምፕሊፋየሩ የመጨረሻው እንደሆነ፣ ሲጠፋ ደግሞ ግልባጩ እንደሆነ የፊደል ገበታ ሳትጨርስ አወቀች። ያልተሳካላት ገመድ ብቻ ነው። ግራኝ ናት። «ወደ ቀኝ» ይላታል፤ ምላሷን አውጥታ ሦስት ዙር ትሄዳለች፤ በአራተኛው እጇ ራሱ ወደ ግራ ይዞራል። ይቆጣታል፣ ትስቃለች፣ ጨዋታዋን ስትሄድ ሁሉንም ፈትቶ እንደገና ይጠቀልላል። ያን ጊዜ ሥራ መስሎት ነበር የሚያማርረው። ዛሬ ቢሰጡት ምን ባልከፈለ።

ሆድና ጀርባ የሆኑት ከአራት ዓመት በፊት ነው። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ በአንድ የቀን ሠርግ ላይ በእሱ እቃ ታጫውት ነበር። ሰው ተነሥቶ ሲጨፍር ድምፁን ጨመረች፤ ሲጮኽ ደግሞ ጨመረች። የሚክሰሩ መብራት ቀይ ሆኖ እዚያው ቀረ። አባት ግድግዳ ሥር ተቀምጦ ሙሽሮቹንም ልጁንም አላየም፤ ቀዩን መብራት ብቻ ነበር የሚያየው። አንዱ ስፒከር ተቃጠለ ተቃጠለ መሽተት ሲጀምር ተነሥቶ ሄደ፣ እጇን ከሚክሰሩ ላይ አነሳው፣ ድምፁን ወደ ዜሮ አወረደው። «ከዛሬ ጀምሮ እጅሽ እቃዬን እንዳይነካ» አላት። ማይክሮፎኑ ክፍት መሆኑን አላየም። አዳራሹ ሁሉ፣ ሙሽራይቱን ጨምሮ፣ አንድ በአንድ ሰማ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሄድፎኗን አንገቷ ላይ አድርጋ ወጣች። በሳምንቱ እሱ በሌለበት መጥታ ልብሷን ወሰደች። እሱ መስሎት የነበረው ተመልሳ ትመጣለች፣ ይቆጣታል፣ ያልፋል ነበር። ልጅቷ ግን የእሱ ልጅ ናት፤ የተባለችውን ቃል እንደተባለች ያዘችው። ስፒከሩ በሁለት ቀን ተጠገነ።

እናትየው ሐሙስ ሐሙስ ከልጅቷ ጋር በስልክ ታወራለች። ያኔ ጋሽ ቀስ «አልሰማም» ለማለት ክፍሉን ለቆ ይወጣል፤ በሩን ግን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል። ሚስቱም ታውቃለች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ለማንም እንደማትናገር ሆና፣ ወጡን እያማሰለች፣ «ጉንፋን ይዟት ነበር፣ ለቀቃት» ትላለች።

«ማንን?» ይላል እሱ።

«ሰውን።»

«እንኳን ለቀቃት» ይላል፣ ወደ መጋዘኑ ይወርዳል። ሁለቱም እልኸኞች ናቸው፤ ሚስቱ መሃል ቤት ሆና የሁለቱን እልህ ስትሸከም ኖራለች።

ነገሩ የተጀመረው ከስምንት ወር በፊት፣ አንድ የጡረተኞች አዳራሽ በየሳምንቱ እቃ መከራየት ሲጀምር ነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ አዛውንቱ ተሰብስበው ይጨፍራሉ። የአዳራሹ መኪና ቅዳሜ እቃውን ይወስዳል፣ ሰኞ ጠዋት ይመልሳል። ጋሽ ቀስ በመጀመሪያው ሰኞ ሳጥኑን የከፈተው ለጠብ ተዘጋጅቶ ነበር። የሚጣላበት አጣ። አምፕሊፋየሩ በርዶ ነው የተከደነው። ቁልፎቹ ሁሉ ዜሮ ላይ ናቸው። ፌደሮቹ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ተነጥፏል። ይሄን የሚያደርግ ሰው በከተማው ያለ አይመስለውም ነበር። ከዚያ ኬብሉን አነሳው። በግራ ነው የተጠቀለለው።

ሳጥኑ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጥቅሉ ትንሽ ነው፣ የአጭር ክንድ ጥቅል፤ ጫፉ ሁለቴ ዞሮ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ልክ ልጅ ሆና ስታደርገው እንደነበረው። እጇ እቃውን ነክቷል ማለት ነው። ወደ አፍንጫው ሊያስጠጋው ሲል አንዱ ተሸካሚ ገባና «ጋሼ፣ ተቃጥሏል እንዴ?» አለው።

«አልተቃጠለም። ሂድ ወደ ሥራህ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ልጁ እሁድ እሁድ የት እንደምትሠራ ከእሱ በቀር ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ሊጠይቅ ይችል ነበር። ሹፌሩን ቢጠይቀው ይነግረዋል። ከነገረው ግን መሄድ ሊኖርበት ነው፤ ሄዶ ምን ሊል? ያ ቃል የወጣው በማይክሮፎን ነው፤ ማረሚያውስ በሹክሹክታ ይሆናል? ሹፌሩን ሳይጠይቀው ቀረ። ሰኞ በመጣ ቁጥር ግን ተሸካሚዎቹን ምክንያት ፈልጎ ይልክና ብቻውን ሳጥኑን ይከፍታል። ጥቅሉን አይፈታውም፤ ለብቻው በሚስማር ላይ ይሰቅለውና ቅዳሜ እንዳለ መልሶ ይልከዋል። በቀኝ የተኛ ገመድ በግራ ሲጠቀለል እንደሚበላሽ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ይበላሽ አለ። በዚህ መንገድ ሦስት ጥሩ ጥሩ ኬብል አለቀ፣ እሱም አንድ ቃል አልተናገረም። ናፍቆት እንዲህ ነው፤ ሠላሳ ዓመት የኖረበትን ሕግ በሦስት ወር ያስረሳዋል።

አንድ ቀን አሰበው። አዲስ ኬብል ማንም ሳያስለምደው ከመጀመሪያው በግራ ቢጠቀለልስ? ያኔ የእሷ እጅ ስህተት መሆኑ ይቀራል። ከሁሉ የተሻለውን፣ ከሚክሰሩ እስከ አምፕሊፋየሩ የሚደርሰውን ረጅሙን መረጠ፤ አዳራሹ አሮጌ ስለሆነ ድምፁ ሁሉ በዚያ በአንዱ ነው የሚሄደው። ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ ግራ ጀመረ። እጁ እምቢ አለ። ሦስት ዙር ይሄድና አራተኛው ላይ ወደ ቀኝ ይዞርበታል። ፈታው፣ እንደገና ጀመረ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ አገኘችው፣ ምላሱን አውጥቶ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለችው።

«ኬብል እየጠቀለልኩ።»

«በግራ?»

«እና በግራ ቢሆንስ?»

ሚስቱ ዞራ ሄደች። ደረጃውን ስትወጣ አፍንጫዋን ስትናፈጥ ሰማት።

ቅዳሜ እቃው ሲሄድ ያን ኬብል ብቻ ላከ። ሁልጊዜ የሚጨምረውን መጠባበቂያ ከሳጥኑ አወጣው፤ በቀኝ የተጠቀለለ ስለሆነ ዓይኗ እዚያ ላይ እንዳያርፍ ፈልጎ ነው። እሁድን እንዴት እንዳሳለፈው አይጠየቅም። ሰኞ ጠዋት ሳጥኑን ከፈተ።

ኬብሉ በቀኝ ተጠቅልሏል።

አገላብጦ አየው። በደንብ፣ በጥንቃቄ፣ በቀኝ። ሄዳለች ማለት ነው፤ ሌላ ሰው ተክተዋል። ወይም ደግሞ፣ ይሄኛው ሐሳብ የባሰ ነበር፣ ገብቷታል፤ «ያንተን ውለታ አልፈልግም» ማለቷ ነው። ፈታው፣ ደግሞ በግራ ጠቅልሎ ላከው። በሳምንቱ በቀኝ ተመለሰ። እሱ በግራ ይልካል፣ ገመዱ በቀኝ ይመጣል። ሰባት ሳምንት እንዲሁ ሆነ። ሚስቱን ሊጠይቃት አንድ ሐሙስ አፉን ከፈተ፣ «ጉንፋኗ...» ብሎ ጀመረ።

«የማን ጉንፋን?» አለች ሚስቱ።

«የሰው።»

«ሰውየዋ ስልክ አላት። ቁጥሩን ታውቀዋለህ፤ ራስህ ነህ የገዛህላት።»

አልደወለም። በስምንተኛው እሁድ ከሰዓት በኋላ ግን ስልኩ ጮኸ፤ የአዳራሹ ኃላፊ ናት።

«ጋሼ፣ ይቅርታ በእረፍት ቀንዎ። ድምፁ ጥፍት አለብን። ኬብሉ ነው ትላለች።»

«ማን ናት ያለችው?»

«የምታጫውተን ልጅ ናታ። ጠረጴዛው ሥር ገብታ እየፈለገች ነው። ያቺ በግራ እጇ የምትሠራዋ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያለችው...»

ኃላፊዋ ቀጥላ ምን እንዳለች አልሰማም። አዲስ ኬብል ከግድግዳው አወረደ፣ ኮቱን ለመልበስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ ኮቱን አንድ እጁን ብቻ አስገብቶ ወጣ። ጋሽ ቀስ ሮጠ። ያዩት ሰዎች ቤቱ በእሳት የተያያዘ መስሏቸው ወደ ቤቱ ነበር ያዩት።

አዳራሹ ውስጥ አዛውንቱ በግድግዳው ዙሪያ ተቀምጠው በመሐረብ ያናፍሳሉ። ሁለት ሽማግሌዎች የሙዚቃው መጥፋት አይበግረንም ብለው መሃል ላይ በጭብጨባ ይወዛወዛሉ። መድረኩ ላይ እስከ ወለሉ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ አለ፤ ከጨርቁ ሥር ሁለት የጫማ ሶሎች ይታያሉ። ጋሽ ቀስ ተንበርክኮ ገባ።

«ባትሪ ካለህ አብራልኝ» አለች ዞር ሳትል፤ የአዳራሹ ሠራተኛ መስሏታል። ስልኩን አበራላት። እጁን አየች። እጁን ስታይ መፈለጓን አቆመች፤ ቀና ግን አላለችም።

«የት ላይ ነው?» አላት።

«መሃሉ ላይ። ሳጥፈው ይመጣል፣ ስለቀው ይሄዳል።»

«አዲስ ኬብል ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ። አዲስ ስለሆነ ነው እንደ አንተ በቀኝ እየጠቀለልኩ የምልከው። የፊተኞቹን አበላሽቼብሃለሁ፤ አንድም ቀን አልተናገርክም። ይሄን እንኳን ልጠንቀቅለት ብዬ...» ገመዱን በጣቷ ዳሰሰች። «አንድ ሳምንት ሙሉ በልብስ ማስጫ ገመድ ተለማመድኩ። ይሄኛውን ሠራተኞቹ ዘርግተው ነው የሚያቆዩኝ፤ ስጠቀልለው ግን ሁልጊዜ እምቢ ይለኛል። በግድ ነው የማስተኛው።»

ጋሽ ቀስ የስልኩን መብራት ወደ መሬት ዝቅ አደረገው፣ ፊቱ እንዳይታይ።

«እምቢ የሚልሽ እኔ በግራ አስለምጄው ነው» አለ።

«አንተ? በግራ?»

«እጅሽን እንዳያስቸግረው ብዬ።»

ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የምታለቅስ መስሎት እጁን ሊልክ ሲል እየሳቀች መሆኑን አየ፤ ደግሞ እያለቀሰችም ነበር።

«ሁለታችን ነን የገደልነው በለኛ» አለች።

«ሁለታችን ነን።»

«እሺ፣ አዲሱን አምጣው።» እጇን ዘረጋች። ጋሽ ቀስ ኪሱን ዳሰሰ፣ ኮቱን ዳሰሰ፣ ባዶ የቀረውን የኮቱን እጅጌ ጭምር ዳሰሰ። አየችው።

«አባዬ፣ ረሳኸው? ቸኩለህ ነው የመጣኸው?»

«እኔ አልቸኩልም» አለ፤ ትንፋሹ ገና አልተመለሰም።

ከላይ ጠረጴዛው በምርኩዝ ተንኳኳ። «ልጄ፣ ኧረ ጉልበታችን ሳይበርድ!» አለ አንድ ሽማግሌ። ጋሽ ቀስ ገመዱን ከእጇ ወሰደ፣ የተበጠሰበትን ቦታ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል ይዞ አጠፈው። ሙዚቃው ከመሃል ተነሥቶ መጣ፤ አዳራሹ በእልልታ ተቀበለው።

«ሂጂ ሥሪ» አላት።

«እስከ መጨረሻው ልትይዘው ነው?»

«ሂጂ አልኩሽ።»

ወጣች። እሱ ጠረጴዛው ሥር ቀረ፣ ጀርባውን ለአምፕሊፋየሩ ሰጥቶ፣ የሞተ ገመድ በጣቱ አጥፎ። አበላሽ ተብሎ ቢታዘዝ ኖሮ ከዚህ የባሰ የገመድ አያያዝ አያገኝም ነበር። ከልጁ የሚታየው ጫማዋ ብቻ ነው። ግራ እግሯ ምቱን ይመታል፣ ቀኙ ይቆያል፤ ዘፈን ልትቀይር ስትል ተረከዟ ብድግ ይላል። አንዱ ዘፈን ሌላው ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ሰማ፤ ሳይገፋው፣ ሳያቋርጠው፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ትንሽ ይሄዱና አንዱ ይሰናበታል። መቼ ነው እንዲህ የተማረችው? ያኔ በሠርጉ ቀንም እንዲህ ነበር የምታጫውተው? አያውቅም፤ ያን ቀን መብራት ነበር የሚያየው።

«ጨምሪልን፣ አልሰማንም!» ይላሉ አዛውንቱ። ትጨምራለች። አጠገቡ ያለው አምፕሊፋየር ቀይ ብልጭ ሲል አየው። ፊቱን ወደ ጫማዋ መለሰ።

ፊቷን ማየት አማረው። አራት ዓመት ሙሉ አማረው፤ አሁን ግን አንድ ጨርቅ ነው የሚለያቸው። ገመዱን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ በጨርቁ ጠርዝ ሊያጮልቅ ሞከረ፤ አውራ ጣቱ ተንሸራተተ፣ ድምፁ ለአንድ አፍታ ድርግም አለ፣ አዳራሹ «ኤጭ!» አለ። ቶሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ለማየት መልቀቅ አለበት፤ ከለቀቀ ደግሞ የሚያየው ዝም ብላ የቆመች ልጅ ነው። ያዘ።

ኃላፊዋ ጨርቁን ገለጥ አደረገች። «ጋሼ፣ ባለቤትዎ ደውለው ነበር። ኬብሉን ጠረጴዛ ላይ ጥሎት ሄዷል፣ በታክሲ ልላከው ወይ ይላሉ።»

«አያስፈልግም በያት» አለ ጋሽ ቀስ። «ሊያልቅ ነው፣ አትልፋ።»

ኃላፊዋ ሰዓቷን አየች። ዝግጅቱ ሊያልቅ ሁለት ሰዓት ቀርቶት ነበር። እሱን አየችው፣ ከዚያ ቀና ብላ ልጅቷን አየች፣ ጨርቁን ቀስ አድርጋ መለሰችው።

ክንዱ እስከ ትከሻው ደነዘዘ። ጣቶቹ የእሱ መሆናቸውን የሚያውቀው ድምፁ ባለመቋረጡ ብቻ ነው። ውጭ ፀሐዩ ዞሮ በጨርቁ በኩል የሚገባው ብርሃን ቀላ። ልጁ አንዱ ዘፈን በራሱ ሲሄድ ጠብቃ ጎንበስ አለች፤ ፊቷ በጨርቁ ሥር ተዘቅዝቆ ገባ፣ በላብ ርሶ፣ ፀጉሯ ወለሉን እየነካ። አየው። ከስታለች፤ ቅንድቧ የእናቷ ነው፤ ግንባሯ ላይ ያኔ ያልነበረች አንዲት መስመር አለች።

«ደከመህ አይደል?» አለችው።

«ኧረ አልደከመኝም።»

«አይዞህ፣ ሊሄዱ ነው። አንድ ዘፈን ብቻ ነው የቀረኝ።»

ገመዱን በጥንቃቄ ወደ ሌላኛው እጁ አዛወረ፤ ድምፁ አልተቋረጠም።

«ሁለት አድርጊው» አላት።